የኖኅ ስካር በሠዓሊዎች እጅ

የህዳሴ ዘመን የጣልያን ሠዓሊዎች ስለ ስካር ሲያስጠነቅቁ ደጋግመው የሚያነሡት ሌባን ወይም ነፍሰ ገዳይን አልነበረም፤ ጻድቁን ኖኅን ነበር። ከጥፋት ውኃ የተረፈ ሰው በገዛ ወይኑ ከተሸነፈ፣ ሌላው ምን ሊሆን ነው? ወይን ጠጁ ራሱ ነውር የለበትም፤ በየመሠዊያው ለቁርባን ይቀርባል። ነውሩ ልክ ማጣት ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ስካርን ከሰባቱ ዋና ዋና ኃጢአቶች አንዱ ከሆነው ከሆዳምነት ጋር ትቆጥረው ነበር።

ከኖኅ ሥዕሎች ሁሉ ታዋቂው፣ ማይክል አንጄሎ እ.ኤ.አ. ከ1508 እስከ 1512 በሠራው በቫቲካን የሲስቲን ጸሎት ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ነው። ከኦሪት ዘፍጥረት ከተወሰዱት ዘጠኝ ትዕይንቶች በታሪኩ ቅደም ተከተል የመጨረሻው ሲሆን፣ የሚገኘው በመግቢያው በር በኩል ነው። ሽማግሌው ራቁቱን መሬት ላይ ተዘርሯል፤ አጠገቡ ማሰሮና ጽዋ፣ ከበስተኋላው ትልቅ የእንጨት በርሜል ይታያል። በስተግራ ደግሞ ያው ኖኅ ቀይ ለብሶ የወይን ቦታውን ይቆፍራል። ድካሙና ውርደቱ ጎን ለጎን ናቸው። እኔን የሚገርሙኝ ግን ልጆቹ ናቸው፤ የአባታቸውን ኀፍረት ሊሸፍኑ የመጡት ራሳቸው እርቃናቸውን ናቸው ማለት ይቻላል። ሠዓሊው የሰው ገላ መሣል ስለሚወድ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ይሆናል። ለእኔ ግን፣ ፈራጁም ከወደቀው የተሻለ ልብስ የለውም የሚል ይመስለኛል።

ማይክል አንጄሎ ራሱ ከጣሪያው ሥራ አሥር ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ፣ የሮማውያንን የወይን አምላክ ባኮስን ከእብነ በረድ ቀርጾ ነበር፤ ጽዋ ይዞ የሚንገዳገድ ወጣት። ሥራውን ያዘዙት ካርዲናል ሪያሪዮ ሳይወስዱት ቀሩ፤ ሐውልቱም ጃኮፖ ጋሊ በተባለ ባለባንክ የአትክልት ስፍራ ቆመ። አምላክ ሲንገዳገድ ማየት ያስቃል እንጂ እንደ ኖኅ አያሳፍርም።

የቬኒሱ ጆቫኒ ቤሊኒ ደግሞ በ1516 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በስተርጅናው፣ ኖኅን ሣለ። ሥዕሉ ዛሬ ፈረንሳይ ውስጥ በቤዛንሶን ከተማ ሙዚየም ይገኛል። ነጭ ጢም ያለው አዛውንት የሸራውን ወርድ ሞልቶ ተኝቷል። ሁለቱ ልጆቹ ጨርቅ ሊያለብሱት ይጣጣራሉ፤ በመካከላቸው ሌላው ልጁ ካም ይስቃል። ተመልካች ከሰካራሙ ይልቅ ዓይኑ የሚያርፈው በዚህ ሳቅ ላይ ነው፤ ቤሊኒ መሃል ላይ ያስቀመጠውም በከንቱ አይመስልም። በዘፍጥረትም እርግማኑ የወረደው በጠጪው ላይ ሳይሆን፣ በሳቂው በካም ልጅ፣ በከነዓን ላይ ነው።