ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ማን ነገራት?

በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን የሰፈራችን ልጃገረዶች አደይ አበባ ይዘው ደጃችን ላይ «አበባየሆሽ» ሲሉ የልጅ ልጄ ከቤት አልወጣችም። «ምነው፣ ዘንድሮ ቀረሽ?» ብላት፣ «እማማ፣ እኔ እኮ አሁን ትልቅ ነኝ» አለችኝ። ዕድሜዋ 14 ነው። ትንሽ ቆይታ እናቷ ከጎረቤት ጋር ስለ አንዲት ዘመዳችን ምጥ ሲያወሩ ጠጋ አለች። «ሂጂ ወዲያ፣ ይሄ የልጅ ወሬ አይደለም» ተባለች። ከልጆቹም ከአዋቂዎቹም ሳትሆን ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ ቀረች። ያን ሌሊት ስለሷ ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ውድ አንባብያን፣ በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች በነርስነት ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆችን ብዙ አይቻለሁ። አማርኛችን ለዚህ ዕድሜ የከበረ ስም አለው፤ ወንዱን «ለአቅመ አዳም ደረሰ»፣ ሴቷን «ለአቅመ ሔዋን ደረሰች» እንላለን። ስሙ አለን፤ ሥርዓቱ ግን የት አለ? ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ፤ ሜሮኑንም ያን ዕለት ይቀባሉ። ሰባት ዓመት ሲሞላቸው ጾም ይጀምራሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ሠርጋቸው ድረስ ሰው ተሰብስቦ የሚመርቃቸው ቀን የለም።

ሌሎች ወገኖቻችን አላቸው። በደቡብ ኦሞ የሐመር ወጣት በሰልፍ በቆሙ ከብቶች ጀርባ ላይ ሮጦ ካለፈ በኋላ ነው ሚስት ማግባት የሚችለው። በኦሮሞ የገዳ ሥርዓት ወንዶቹ በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው ይሸጋገራሉ፤ ዩኔስኮም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል።

እኛ ለሚ ባደግንበት ዘመን ለወንዱ ጉልማ ነበረው። ልጁ እርፍ ጨብጦ ቀጥ ያለ ትልም ማውጣት ሲችል አባቱ ከእርሻው ዳር ትንሽ መሬት ቆርሶ «ይቺ ያንተ ናት» ይለዋል። ከዚያች መሬት የሚያገኘው ምርት የራሱ ነው። ወንድሜ በመጀመሪያ ጉልማው ሽንብራ ዘርቶ፣ ሸጦ በግ ሲገዛ አባታችን «ለምን?» አላለውም። ከዚያ ወዲያ ከትልልቅ ሰዎች ጋር ሲቀመጥ «ተነስ» ያለው አልነበረም። ድግስ ባይደገስም ሰው መሆኑን መንደሩ አወቀ።

ለሴቷ ያለው ሥርዓት ግን አንድ ብቻ ነበር፤ ሠርግ። ታላቅ እህቴን፣ እትዬን፣ መሃል አናቷ የተላጨ ጋሜ ሳለች በ13 ዓመቷ ዳሯት። ወደ ጀማ ሸለቆ ይዘዋት ወረዱ። በ15 ዓመቷ ሦስት ቀን አማጠች። ልጁ ሞተ፤ እሷም ሽንቷን መቋጠር ተሳናት። ባልየው ወደ ቤታችን መለሳት። ስድስት ዓመት ሙሉ ከቤቱ ጀርባ በተሠራች ጎጆ ብቻዋን ስትተኛ፣ ምግቧን የማደርስላት እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ አዲስ አበባ ወስደናት፣ ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ባቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል ታክማ ዳነች። እኔ ነርስ የሆንኩት በሷ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ ወላጆች አንድ ነገር እንድትይዙልኝ እፈልጋለሁ። የወር አበባ መጣ ማለት ሰውነቷ ለመውለድ ደረሰ ማለት አይደለም። የዳሌ አጥንት ከዚያ በኋላም ለዓመታት ያድጋል። ዳሌው ሳይሰፋ ምጥ ሲመጣ የሕፃኑ ጭንቅላት መውጫ ያጣል። በእናቲቱ ፊኛና በማህፀን መውጫዋ መካከል ያለውን ሥጋ ለረጅም ሰዓት ሲጫነው ደም መዘዋወሩ ይቆማል፤ ሥጋው ይሞታል፤ ቀዳዳ ይፈጠራል። ፊስቱላ የሚባለው ይህ ነው። በየትኛውም ዕድሜ ያለች እናት ምጥ ቆይቶባት እርዳታ ካጣች ሊደርስባት ይችላል፤ ገና ያላደገች ልጅ ግን ይበልጥ ትጎዳለች።

ሕጉም ቆይቶ መጥቷል። በክልላችን በ1995 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጓል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ደግሞ ለአካለ መጠን ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው እስከ ሦስት ዓመት፣ ልጅቱ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ደንግጓል።

ያለዕድሜ ሠርግ መከልከሉ እሰየው ነው። ነገር ግን ያ ክፉ ሠርግ አንድ ሥራ ይሠራ ነበር፤ በሰው ፊት «ከዛሬ ጀምሮ ልጅ አይደለሽም» ይላት ነበር። በዚያ ቦታ ሌላ ነገር አልተካንም። የወንዶቹም ጉልማ ቀርቷል፤ መሬቱ ለወራሽ ሲከፋፈል ተቆርሶ የሚሰጥ ትርፍ አልተገኘም። ስለዚህ ልጆቻችን ማደጋቸውን የሚሰሙት ከእኩዮቻቸውና ከሞባይል ነው።

ይህን በደንብ ያስተዋልኩት ጡረታ ልወጣ ስል ነው። በ2011 ዓ.ም. የማህፀን በር ካንሰርን የሚከላከለው የኤች ፒ ቪ ክትባት በአገራችን 14 ዓመት ለሆናቸው ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀመር ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። እኩያሞቹ ተሰልፈው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ግማሾቹ እየሳቁ ግማሾቹ እያለቀሱ ተወጉ። ሲጨርሱ ግን አልሄዱም። አንዷ ደፍራ ስለ ወር አበባ ጠየቀችኝ፤ ከዚያ ሁሉም ጠየቁ። የመጀመሪያ ደሟን ስታይ በሽታ ይዞኝ ልሞት ነው ብላ ለሦስት ቀን የደበቀች ልጅ ነበረች። «ለእናትሽ ለምን አልነገርሽም?» ስላት፣ «የሚነገር አልመሰለኝም» አለችኝ። ለካ እኩያሞችን ሰብስቦ በወጉ ያነጋገራቸው ሰው አልነበረም።

በሌላ አገር ይህን ክፍተት ያሰቡበት አሉ። በኬንያ፣ ታራካ በሚባል አካባቢ፣ ልጃገረድ ለአዋቂነት ስትደርስ ትገረዝ ነበር። ግርዛቱ ይቅር ሲባል እናቶቹ «ታዲያ ልጃችን ማደጓ በምን ይታወቅ?» የሚለውን ጥያቄ አልናቁትም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 «በቃል መገረዝ» የሚል ትርጉም ያለው አዲስ ሥርዓት ጀመሩ። ልጃገረዶቹ ለአንድ ሳምንት ተሰብስበው ስለ ሰውነታቸውና ስለ ሕይወት ይማራሉ፤ በመጨረሻው ቀን ቤተሰብና ጎረቤት ስጦታ ይዞ በዘፈን ይቀበላቸዋል። በባርነት ከአፍሪካ የተወሰዱት ጥቁር አሜሪካውያንም እንዲህ ያለውን ሥርዓት ከተነጠቁ ከብዙ ዘመን በኋላ ለወጣቶቻቸው እንደገና ሠርተውታል። ሥርዓት ቢጠፋም ሰው ካሰበበት እንደገና ይሠራል።

እኔም ለልጅ ልጄ ልሠራ ተነሳሁ። መጀመሪያ የተቃወመችኝ እናቷ ናት። «የ14 ዓመት ልጅ ይዘን ሰው ብንጠራ ዳሯት ይሉናል» አለች። እውነቷን ነው። ያለዕድሜ የሚድሩ ሰዎች ሠርጉን የማኅበር ወይም የክርስትና ድግስ አስመስለው እንደሚያሳልፉት ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ጠላ አልጠመቅንም፤ ቡናና ድፎ ዳቦ ብቻ ሆነ።

ከዚያ በፊት ሦስት ማታ እናቷ፣ እኔና ልጅቷ ብቻችንን ተቀመጥን። ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ወንድ ልጅ፣ «እምቢ» ስለ ማለትም ሳንሸፋፍን ነገርናት። በሁለተኛው ማታ እናቷ ራሷ ተሳስታ ታውቅ የነበረውን ነገር ጠየቀችኝ።

በመስከረም አንድ እሑድ ጎረቤቶችና የንስሐ አባታችን መጡ። ልጅቷ ቡናውን ራሷ አፈላች። አባቷ ተነስቶ፣ «ልጄ 18 ዓመት ሳይሞላት፣ እሷም ሳትፈቅድ ለማንም አልሰጥም። እናንተ ምስክሮቼ ናችሁ» አለ። ይህን ቃል ሲናገር ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ ከፊቱ የተቀመጡት አንዳንዶቹ ለልጃቸው ሊጠይቁት ያሰቡ ነበሩና። እኔም ሁለት ቄብ ዶሮ ሰጠኋት፤ ይህ የሷ ጉልማ ነው። የእንቁላሉን ብር ራሷ በደብተር ትይዛለች፤ ሞዴሷንም ከሱ ትገዛለች።

አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ግን ግራ ገባቸው። «ታዲያ ለማን ነው የተሰጠችው?» አሉ። «ለማንም አይደለም አባባ፣ ማደጓን እንድታውቁላት ነው የጠራናችሁ» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና ስኒያቸውን አስቀምጠው መረቋት።

በመጨረሻ እትዬ ተናገረች። ዛሬ ሰባ ዓመት አልፏታል። «እኔን ሲድሩኝ ሁሉም ስለኔ ያወራ ነበር፤ ለኔ የነገረኝ ግን አልነበረም» አለች። ሌላ አልጨመረችም። የልጅ ልጄ ሄዳ ጉልበቷን ሳመች።

ወላጆችና አያቶች ሆይ፣ ይህ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። የወር አበባ ብዙውን ጊዜ ከ11 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ስለሚጀምር ቀድማችሁ ንገሯት። ለወንዱም ስለ ሰውነቱና ሴትን ስለ ማክበር አባቱ ወይም አጎቱ ይንገረው። የራሳቸው የሆነች ትንሽ ነገር ስጧቸው፤ ዶሮም ትሁን የጎመን መደብ፣ ሒሳቧን እነሱ ይያዙ። በሚያከብሯቸው ሰዎች ፊትም መርቋቸው።

በቀደም ዕለት ቤታችን ውስጥ ስለ አንዲት ጎረቤት ሕመም ጨዋታ ተነሳ። የልጅ ልጄ ልትወጣ ስትል እናቷ በርጩማ ሳብ አድርጋ «ቁጭ በይ» አለቻት።