የላይ ሠፈርና የታች ሠፈር፦ በተራራማ ከተማ ስለ ሠፈር ማኅበር አመራር

በተራራ ወገብ ወይም በተራራ ግርጌ የተቈረቈሩ ከተሞቻችን ብዙዎች ናቸው። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ትገኛለች። አንኮበር በሸዋ ምሥራቃዊ አፋፍ ላይ ናት። ጎንደርም ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ኮረብታማ ሥፍራ ተሠርታለች። በእንዲህ ያለ ሥፍራ የሚኖር ሕዝብ የደጋ አየርና የምንጭ ውኃ በማግኘቱ የታደለ ነው። ነገር ግን የሜዳ ነዋሪ እምብዛም የማያስበው አንድ ችግር አለበት፤ ይኸውም የመሬቱ ዘቅዛቃነት ነው። በላይኛው ሠፈር የተደፋ እጣቢ፣ የተጣለ ጥራጊና በየሥርቻው የተተወ ዐይነ ምድር ክረምት በገባ ጊዜ በጎርፍ ታጥቦ ወደ ታችኛው ሠፈር ይወርዳል፤ ከዚያም ምንጩንና ወንዙን ይበክላል።

እንግዲህ በተራራማ ከተማ ጥፋቱን የሚያደርሰው አንዱ፣ ጥፋቱ የሚደርስበት ሌላው ነው። የላይኛው ነዋሪ ሽንት ቤት ባይቈፍር ከጉዳቱ የሚበልጠውን የሚቀበለው ከእርሱ በታች ያለው ጎረቤቱ ነው። የታችኛው ነዋሪ በበኩሉ ግቢውን ዕለት ዕለት ቢጠርግና ዕቃውን ቢያጥብ፣ ከላይ የሚመጣውን ብቻውን ሊያግደው አይችልም። ስለዚህ እያንዳንዱ ደጃፉን ቢጠብቅ ይበቃል የሚለው ምክር በሜዳ ላይ በመጠኑ ቢሠራም፣ በተራራ ላይ አይሠራም። የላዩንና የታቹን ሠፈር በአንድ መዝገብ የሚያገናኝ ማኅበር ያስፈልጋል።

ማኅበር ለሕዝባችን አዲስ ነገር አይደለም

ጎረቤት ተሰባስቦ መዋጮ ማዋጣትን ከእድር ተምረናል። ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን የሚተክለው፣ ወንበርና ድስት የሚያቀርበው፣ ሐዘንተኛውን የሚያጽናናው እድሩ ነው። በዚያን ሰዓት የላይኛውና የታችኛው ሠፈር አይለያይም፤ በብዙ ከተሞቻችንም ክርስቲያኑና እስላሙ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ተቅማጥ ከአምስት ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት ከሚገድሉት ዋና ዋና በሽታዎች አንዱ ነው። ለሕፃን ቀብር ለመሰብሰብ የሚችል ሠፈር፣ ሕፃኑ የሚጠጣውን ውኃ ለመጠበቅም መሰብሰብ አያቅተውም።

ሌላም ምስክር አለን። በ1911 ዓ. ም. በዓለም ሁሉ የተዛመተው የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብዙ ሰው ከፈጀ ወዲህ፣ ኅዳር 12 ቀን ሠፈሩን የመጥረግና ጥራጊውን የማቃጠል ልማድ እስከ ዛሬ ጸንቶ ቈይቷል። ከመቶ ዓመት በላይ የዘለቀ ልማድ የሕዝቡን ችሎታ ያሳያል። የጐደለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው በዓመት የአንድ ቀን ሥራ የማይበቃ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የዛሬው ጥራጊ ፕላስቲክ የበዛበት ስለ ሆነ ጭሱ ሳንባን ይጐዳል፤ ስለዚህ ከማቃጠል ይልቅ ለይቶ መሰብሰብና ለጥራጊ አንሺዎች ማስረከብ ይሻላል።

ስለ አመራሩ

የሠፈሩ ሰዎች ከፈቀዱ ጽዳቱንና ውኃውን የሚጠብቀው ማኅበር በነበረው እድር ሥር ሊደራጅ ይችላል። ነገር ግን የቀብሩ ገንዘብና የውኃው ገንዘብ በአንድ ሣጥን እንዳይቀመጥ፣ በአንድ መዝገብም እንዳይጻፍ አጥብቆ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከተደባለቀ አንዱ ሲጐድል ሌላው ይነካል፤ የተነካም እንደ ሆነ ጥርጣሬ ይገባል፤ ጥርጣሬ የገባበትም ማኅበር አይቈይም።

ማኅበሩ ሊቀ መንበር ወይም ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና ሒሳብ መርማሪ ይመርጣል። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ መርማሪው ዘመዳሞች ባይሆኑ ይመረጣል። ከተመራጮቹ መካከል ቢያንስ አንዱ ከላይኛው ሠፈር፣ አንዱም ከታችኛው ሠፈር መሆን አለባቸው። ሴቶችም በአመራሩ ውስጥ መግባት ይገባቸዋል፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ቤት ውኃ የሚቀዱትና የታመመውን ልጅ የሚያስታምሙት እነርሱ ናቸው፤ ምንጩ መቼ እንደሚደፈርስና መቼ እንደሚያንስም ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። ስለዚህ የስብሰባው ሰዓት ለእነርሱም የሚመች መሆኑ ይታሰብበት። ቀኑና ቦታውም የሁሉም ሃይማኖት ተከታዮች ሳይቸገሩ የሚገኙበት ይሁን።

ስለ መዋጮና ስለ መዝገብ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው ይባላል። ለምሳሌ 60 አባወራና እማወራ ያሉበት ሠፈር በየወሩ 50 ብር ቢያዋጣ፣ በወር 3,000 ብር፣ በዓመትም 36,000 ብር ይሆናል። ከወር ገቢው እኩሌታው 1,500 ብር ለምንጩ ጠባቂ ድካም፣ 750 ብር ለጥገና፣ ቀሪው 750 ብር ለክፉ ቀን ቢመደብ፣ በዓመቱ መጨረሻ ለክፉ ቀን 9,000 ብር ይጠራቀማል። ችግረኛ ሆኖ መክፈል ያልቻለ ሰው በጉልበቱ ቢያግዝ ወይም በማኅበሩ ፈቃድ ቢማር እንጂ ከውኃው መከልከል አይገባውም፤ ከምንጩ የተከለከለ ሰው ንጹሕ ካልሆነ ሥፍራ መቅዳቱ አይቀርምና።

መዝገቡ የማኅበሩ እስትንፋስ ነው። ገቢና ወጪው በየወሩ በስብሰባ ፊት ድምፅ ከፍ ተደርጎ ይነበብ። ጽሑፍ የማያውቀው አባል በጆሮው ሰምቶ የሚጠይቅበት ጊዜ ይሰጠው። በዚህ ሥራ የመምህራን እርዳታ ከፍ ያለ ነው፤ የጸሐፊነቱን ሥራ ሊይዙ፣ ወይም ጸሐፊውን ስለ መዝገብ አያያዝ ሊያስተምሩ ይችላሉ።

ስለ ምንጩ አጠባበቅ

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ የሚለው የአባቶች ቃል ለምንጭም ይሠራል። የምንጩ ዐይን እስከ ጽኑ መሬት ተቈፍሮ፣ በታጠበ ጠጠር ተሞልቶ፣ ከላዩ በሸክላ አፈር ወይም በሲሚንቶ ይደፈን፤ ውኃውም በቧንቧ ይውጣ እንጂ ማንም በእጁና በቅሉ እየጠለቀ አይቅዳ። ከምንጩ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ይቈፈር። ከብት እንዳይገባ ዙሪያው ይታጠር። የከብት ማጠጫውና የልብስ ማጠቢያው ከምንጩ በታች ይሁኑ። ባሕር ዛፍ ውኃ አብዝቶ ስለሚመጥ ከምንጩ አጠገብ አይተከል። ሥራው ሲያልቅ ምንጩ በክሎሪን እንዲታከም የወረዳውን የጤና ባለሙያ መጥራት ያስፈልጋል። ከዝናብ በኋላ ውኃው የሚደፈርስ ከሆነ፣ ጎርፍ በአንድ ወገን እየገባ መሆኑን ያመለክታልና ሳይዘገይ ይመርመር።

ውኃ ማፍላት መልካም ነው፤ ነገር ግን በደጋ ላይ ውኃ የሚፈላው ባነሰ ሙቀት ነው። 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ስለዚህ ከ2,000 ሜትር በላይ በሚገኙ ሥፍራዎች ውኃው ከተንተከተከ በኋላ ሦስት ደቂቃ እንዲቈይ ይመከራል። ይህም ማገዶ ይፈጃል። በየቤቱ ለማገዶ ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለምንጩ መጠበቂያ ቢውል የሁሉንም ወጪ ያቃልላል።

ተማሪዎች የምንጩን መጠን እንዲለኩ ማድረግም ጠቃሚ ትምህርት ነው። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በ40 ሰከንድ ከሞላ፣ ምንጩ በደቂቃ 30 ሊትር፣ በሰዓት 1,800 ሊትር ይሰጣል። በ60 ቤት 300 ሰው ቢኖርና ለእያንዳንዱ በቀን 20 ሊትር ቢታሰብ 6,000 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህን ለመቅዳት ሦስት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይበቃል። በበጋ ምንጩ ሲያንስ ስሌቱን እንደገና ሠርቶ ተራውን መደልደል ወይም የውኃ ማጠራቀሚያ ስለ መሥራት መምከር ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ

በማኅበሩ ውስጥ ጠብ የሚያስነሣው አብዛኛውን ጊዜ የላይኛው ሠፈር ሽንት ቤት ነው። ሽንት ቤት ከምንጭ በላይ መሆን የለበትም፤ ከምንጩም ቢያንስ 30 ሜትር መራቅ አለበት፤ መሬቱ ስንጥቅ ዐለት ከሆነ ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ሊርቅ ይገባል። ታዲያ ከዓመታት በፊት ከምንጩ በላይ የቈፈረውን ሰው «አንሣ» ማለት ቀላል ነው፤ ድካሙና ወጪው ግን የእርሱ፣ ጥቅሙ የታችኞቹ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ሰውዬው ቢያኰርፍ ሊፈረድበት አይገባም። ትክክለኛው መንገድ የታችኛው ሠፈር ወጣቶች በደቦ ወጥተው አዲሱን ጉድጓድ እንዲቈፍሩለት፣ ለመክደኛውና ለግድግዳው የሚያስፈልገውም ከማኅበሩ ሣጥን እንዲከፈል ማድረግ ነው። አሮጌው ጉድጓድ በአፈር ይደፈን።

እርዳታው ተሰጥቶት እንቢ ያለ እንደ ሆነ፣ አስቀድሞ በምክር፣ ቀጥሎ በሽማግሌ፣ በመጨረሻም በመተዳደሪያ ደንቡ በተወሰነው መቀጫ ይታይ። ደንቡ በተመራጮቹም ላይ እኩል ይሥራ። የሊቀ መንበሩ እጣቢ በመንገድ ላይ ሲፈስ እየታየ የድኻው ጎረቤት ቢቀጣ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቡን የሚያከብር አይገኝም።

የዓመቱ ሥራ

በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የጎርፍ መቀልበሻው ቦይ ይጠረግ። ከሰኔ እስከ ነሐሴ የምንጩ ጠባቂ ውኃው መደፍረሱን ዕለት ዕለት ይመልከት፤ ሲደፈርስም ውኃውን አጥልሎ በማፍላት ወይም በማከም እንዲጠቀሙ ለየቤቱ ይነገር። በመስከረም ማጠራቀሚያው ይታጠብ። በኅዳር 12 ሠፈሩ ሁሉ ይጠረግ። ከጥር እስከ መጋቢት መሬቱ ደረቅ ስለ ሆነ፣ ዝናብ ባልያዘው ቀን የግንቡና የሽንት ቤት ቁፋሮው ሥራ ይሠራ፤ የምንጩም መጠን ይለካ። በዓመቱ መጨረሻ የተመራጮች ለውጥ ይደረግ፤ ሣጥኑና መዝገቡም በምስክር ፊት ይተላለፉ።

ከ1995 ዓ. ም. ወዲህ በአገራችን የተዘረጋው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ባለሙያዎችን ወደየሠፈሩ አቅርቧል። ማኅበሩ እነርሱን በየስብሰባው ቢጋብዝ ስለ ሽንት ቤት አሠራርና ስለ ውኃ አያያዝ ያለ ክፍያ ምክር ያገኛል። ባለሙያዋ ግን በየቀኑ በየምንጩ ልትቆም አትችልም፤ በየቀኑ የሚቆመው ሠፈሩ ራሱ ነው።

ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ መምህራንና የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ለማቋቋም ካሰባችሁ፣ የመጀመሪያውን ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት ከታችኛውና ከላይኛው ሠፈር ሁለት ሁለት ሰዎች ይዛችሁ፣ ከምንጩ ተነሥታችሁ ዳገቱን እስከ መጨረሻው ቤት በእግር ውጡ። በመንገዳችሁ ላይ ወደ ውኃው የሚወርደውን ሁሉ በደብተር ጻፉ። ያ ዝርዝር የማኅበሩ የመጀመሪያ አጀንዳ ይሆናል።