ጭሱ ያለቀለት ከሰል

በሸጎሌና በአካባቢው በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርዱ ብርቱ ነው። ብዙ እናቶች ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው፣ ጭሱ አልቆ ፍም ሲሆን ወደ ቤት ያስገቡና በሩን ይዘጋሉ። ጥንቃቄያቸው መልካም ነው፤ ዳሩ ግን ሰውን የሚገድለው የሚታየው ጭስ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላው ፍምም ይወጣል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ ሰውነት አየር እየሳበ ይታፈናል። ነቅቶ የተቀመጠ ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፤ የተኛ ግን ሳይነቃ ይቀራል። ላቀች የተባለው ምድጃም ከሰል ይቆጥባል እንጂ ጋዙን አያስቀርም።

በእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ ይዘው ወደ ጉድጓድ ይወርዱ ነበር። ጋዝ ካለ ከሰው አስቀድማ የምትወድቀው እርሷ ናት።

ዛሬ የወፏን ሥራ የሚሠራው በእጅ መዳፍ የሚያዝ መሣሪያ ነው። በውስጡ ፕላቲነም የተቀባ ስስ ገጽና ጥቂት አሲድ አለ። ጋዙ በዚያ ገጽ ላይ ሲያርፍ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፤ በዚህም ጊዜ ኤሌክትሮን ይለቃል። ጋዙ በበዛ መጠን የኤሌክትሪኩ ጉልበት ይጨምራል፤ መሣሪያው ይህን ለክቶ ይጮኻል። በአውሮፓ ደንብ መሠረት ከአንድ ሚሊዮን የአየር እጅ 50 ጋዝ ከሆነ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ፣ 300 ከደረሰ ግን በሦስት ደቂቃ ውስጥ መጮኽ አለበት።

ለፕሮጄክት ሠራተኞች ጥቂት ማሳሰቢያ አለን። የጭስ መጠቆሚያ ሌላ ነው፤ ይህን ጋዝ አያውቅም፤ ስለዚህ ስትገዙ ስሙን አንብቡ። ሰው ከሰል የሚያቀጣጥለው ብዙ ጊዜ መብራት ሲጠፋ ስለሆነ በባትሪ የሚሠራውን ምረጡ። አሲዱና ገጹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያረጃሉ፤ የመፈተኛው ቁልፍ ቢጮኽም ጩኸቱ የባትሪውንና የድምፁን ደኅንነት እንጂ የገጹን አያረጋግጥም። በስጦታ የሚመጣ ዕቃ ቢሆንም ጀርባው ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ቀን ሳታዩ ለማንም አታድሉ። መሣሪያው የሚቀመጠው ሰው በሚተኛበት ክፍል ነው።

መሣሪያ የሌለው ቤተሰብ ከመተኛቱ በፊት ምድጃውን ከነፍሙ ወደ ደጅ ያውጣ። ዕጣን ማጨስ ጋዙን አያጠፋውም። የታፈነ ሰው ብታገኙ በሩንና መስኮቱን ከፍታችሁ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ በ939 ደውሉ፤ ራሱን ለሳተ ሰው ግን ወተትም ሆነ ውሃ አታጠጡ፤ ትን ይለዋልና።