1 ኪሎ ገብስ 6 ኪሎ የዶሮ መኖ ይሆናል? ስሌቱን አብረን እንየው

«1 ኪሎ ገብስ በ7 ቀን 6 ኪሎ መኖ!» የሚሉ ቪዲዮዎች ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ በሽ ናቸው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት ከተጀመረ ወዲህ የጓሮ ዶሮ እርባታ ወሬው ደርቷል። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ፣ ለቡ ወይም ሃና ማርያም አካባቢ በጠባብ ግቢ የሐበሻ ዶሮ አርብቶ ለበዓል መሸጥ ለሚያስብ ወጣት ቪዲዮው ያጓጓል፤ ከወጪው ከግማሽ በላይ የሚበላው መኖ ነዋ! ግን ያጠራቀማችሁትን ብር ትሪና መደርደሪያ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ።

ነገሩ ምንድን ነው?

ሃይድሮፖኒክ መኖ ማለት ያለ አፈር፣ በውሃ ብቻ የበቀለ እህል ነው። ለጠላ ብቅል የሚያበቅሉ እናቶቻችን ግማሹን ሥራ ያውቁታል። ብቅል ገና እንዳጎነቆለ ይደርቃል፤ ይሄኛው ግን አረንጓዴ ሣር እስኪሆን ይጠበቃል።

ንጹህ ገብስ ታጥቦ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ይዘፈዘፋል። ከዚያ ሥሩ በተበሳ ትሪ ላይ በስሱ ይበተንና በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ውሃ ይርከፈከፍበታል። በ7 ቀን ገደማ ይደርሳል።

6ቱ ኪሎ ከየት መጣ?

ከውሃ! 1 ኪሎ ገብስ ውስጥ ውሃው ሲቀነስ 900 ግራም ያህል ደረቅ ነገር አለ። የበቀለው 6 ኪሎ ውስጥ ደረቁ 13 በመቶ ቢሆን 780 ግራም ብቻ ነው። ማለትም ምግቡ ቀንሷል፤ ቡቃያው ለማደግ የራሱን ስታርች ያቃጥላላ። ፕሮቲኑ በመቶኛ ከፍ ያለ የሚመስለውም ስታርቹ ስለቀነሰ ነው እንጂ አዲስ ፕሮቲን ተፈጥሮ አይደለም።

አሁን ወደ ዶሮዋ እንምጣ። በቀን 80 ግራም ደረቅ መኖ የሚያስፈልጋት ዶሮ ያንን ከቡቃያ ብቻ ለማግኘት ከ600 ግራም በላይ መብላት አለባት። ራሷ 1 ኪሎ ተኩል ገደማ ለምትመዝን የሐበሻ ዶሮ ይሄ አይታሰብም። ሆዷ በውሃ ይሞላል፣ ሥጋ ግን አትይዝም። ደግሞ እንደ ላም ሣር አብላልታ አትኖርም።

ታዲያ ጥቅም የለውም?

አለው፣ እንደ ሰላጣ ካያችሁት። ቫይታሚን ይሰጣል፣ የእንቁላል አስኳል ያቢጫል፣ ተዘግተው የሚውሉ ዶሮዎች እርስ በርስ እንዳይነካከሱም ሥራ ያስይዛቸዋል። በእኛ ክፍለ ከተማ ሌላም ጥቅም አለው። ላፍቶና መካኒሳ አካባቢ በትንሹ አቃቂ ወንዝ ውሃ የሚለማ አትክልት አለ፤ ወንዙ በፋብሪካና በመኖሪያ ቤት ፍሳሽ የተበከለ ነው። ከዚያ የተጣለ ቅጠል ለቅሞ ከመስጠት በቧንቧ ውሃ ቤት ያበቀላችሁት ይሻላል።

ዋናው መኖ ግን የተፈጨ በቆሎ፣ ፉርሽካ፣ የኑግ ወይም የአኩሪ አተር ፋጉሎ ሆኖ ይቀጥል። ሥጋ የሚሠራው ፕሮቲን በብዛት ያለው ፋጉሎው ውስጥ ነው። ቡቃያውን ከትፋችሁ ለአንድ ዶሮ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም በመስጠት ጀምሩ።

ጥንቃቄ

- በመድኃኒት የታሸ ምርጥ ዘር በፍጹም አትጠቀሙ። ለምግብ የሚሸጥ ገብስ ግዙ።
- በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን የሚታየው ስስ ነጭ ፀጉር ሥር ነው። ካዝለገለገ፣ ከጠቆረ ወይም ከሸተተ ግን ሻጋታ ነው። አጥባችሁ አትስጡ፣ ትሪውን እንዳለ ድፉት።
- ትሪውን በየዙሩ በበረኪና እጠቡና በደንብ አለቅልቁት።

ከመግዛታችሁ በፊት ቤት ባለ 1 ትሪ ሞክሩ። 10 ዶሮ ካላችሁ ለ5ቱ ከመኖው ጋር ቡቃያ ጨምሩ፣ ለ5ቱ መኖ ብቻ ስጡ፣ በየሳምንቱ መዝኑ። ከወር በኋላ ልዩነት ካላያችሁ የመደርደሪያውን ብር ፋጉሎ ግዙበት።

ዶሮ ልጀምር ለሚል ጓደኛችሁ ሼር አድርጉለት።