ለቆየ የሙዚቃ ሸክላ የሚበጀው የትኛው መርፌ ነው?

በሻኪሶ፣ በአዶላ ወይም በነገሌ ቦረና ከወላጆቹ የሙዚቃ ሸክላና ማጫወቻ የወረሰ ሰው፣ ዕቃውን ዳግም ሥራ ላይ ለማዋል ሲነሣ ቀድሞ የሚያስበው ስለ ድምፅ ማጉያውና ስለ ስፒከሩ ነው። የሸክላውን ዕድሜ የሚወስነው ግን በማጫወቻው ክንድ ጫፍ ላይ የሚገጠመው፣ ከአውራ ጣት ጫፍ እምብዛም የማይበልጠው ካርትሪጅ እና በሥሩ ያለው መርፌ ነው። ይህን ዕቃ በአግባቡ መምረጥ የድምፅ ጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ምትክ የሌለውን ቅርስ ከጥፋት የማዳን ጉዳይም ነው።

ከቀደምቶቹ የኢትዮጵያ የሸክላ ቅጂዎች መካከል ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1908 በጀርመን ያስቀረጿቸው ዘፈኖች ይገኛሉ። ከስድሳ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1969፣ አምሃ እሸቴ የሸክላ ማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ሳለ አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ሥራ አሳተመ። ድርጅቱ እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ትንንሽ ባለ 45 ዙር ሸክላዎችንና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን ለአድማጭ አደረሰ። ብዙም ሳይቆይ ካሴት የሸክላን ቦታ ወሰደ። ከእነዚህ ሥራዎች አንዳንዶቹ በኋላ ዳግም ቢታተሙም፣ ያኔ ተገዝተው በየቤቱ የቀሩት ሸክላዎች ግን ቁጥራቸው የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም።

ማረሻና ትልም

የሸክላን አሠራር ለመረዳት እርሻ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሸክላው ገጽ ከውጭ ጠርዝ ወደ መሃል እየዞረ በሚገባ አንድ ረጅም ትልም የታረሰ ነው። የትልሙ ወርድ ከሰው ፀጉር ውፍረት እምብዛም አይበልጥም። ድምፁ ያለው በትልሙ ግራና ቀኝ ግድግዳዎች ላይ በሚገኙት ጥቃቅን ወጣ ገባዎች ነው። መርፌው በእነዚህ ላይ እየተንቀጠቀጠ ሲያልፍ ካርትሪጁ እንቅስቃሴውን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል።

የማረሻ ሥራ አፈሩን መግለጥ ነው። የመርፌ ሥራ ግን ትልሙን ሳይጎዳ መከተል ነው። ጫፉ ያለቀ ወይም የተሸረፈ መርፌ ወደ ማረሻነት ይለወጥና ድምፁን ከግድግዳው ላይ ይፍቀዋል። አንድ ጊዜ የተፋቀ ድምፅ በማጠብም ሆነ በጥገና አይመለስም።

የአልማዝ መርፌ እንደ ቅርጹና እንደ አያያዙ በአብዛኛው ከ500 እስከ 1,000 ሰዓት ያገለግላል። በቀን አንድ ሰዓት ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ማለት ነው። በውርስ የተገኘ ማጫወቻ መርፌው ስንት ሰዓት እንደሠራ ስለማይታወቅ፣ ምንም ሸክላ ሳይቀመጥበት በፊት መርፌውን መለወጥ ይመረጣል።

ሁለቱ ዋና ዋና ዓይነቶች

ጥራት ያላቸው ካርትሪጆች በዋናነት በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው በምሕፃረ ቃል ኤምኤም የሚባለው ሲሆን፣ በውስጡ የሚንቀሳቀሰው ትንሽ ማግኔት ነው። ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ገደማ ስለሚያመነጭ ከተለመደው የሸክላ ማጉያ ጋር ይሠራል። መርፌው ሲያልቅ ባለቤቱ ራሱ በእጁ ስቦ አውጥቶ አዲስ ይተካበታል።

ሁለተኛው ኤምሲ የሚባለው ነው። በዚህኛው የሚንቀሳቀሰው እጅግ ቀጭን የሽቦ ጥቅል ነው። ጥቅሉ ቀላል ስለሆነ የድምፁን ረቂቅ ዝርዝር ይከተላል፤ ውድ ከሚባሉት ካርትሪጆች አብዛኞቹም ከዚህ ወገን ናቸው፤ ዋጋቸው ከአንድ ሺህ ዶላር የሚበልጥም አለ። ይሁን እንጂ አብዛኞቹ የሚያመነጩት ከግማሽ ሚሊቮልት ያነሰ በመሆኑ ለዚሁ የተሠራ ተጨማሪ ማጉያ ይፈልጋሉ። መርፌያቸው ሲያልቅም በቤት ውስጥ አይለወጥም፤ ካርትሪጁ እንዳለ ወደ አምራቹ ወይም ወደ ልዩ ባለሙያ መላክ አለበት። ከዋና ከተማ ርቆ ለሚኖር አድማጭ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

በሻንጣ መልክ የተሠሩ የቆዩ ማጫወቻዎች ደግሞ ከሁለቱም የተለየ፣ ሴራሚክ የሚባል ካርትሪጅ የያዙ ናቸው። ለእነዚህ የሚሻለው ለሞዴሉ የሚስማማውን መርፌ ፈልጎ መተካት ነው እንጂ ውድ ካርትሪጅ መግጠም አይደለም።

የመርፌው ጫፍ ቅርጽ

ክብ ጫፍ ያለው መርፌ ርካሽ ነው፤ በአገጣጠም ጥቂት ስሕተት ቢኖርም ይታገሣል። ሞላላ ጫፍ ያለው በትልሙ ውስጥ ያሉትን ጠባብ ወጣ ገባዎች ስለሚደርስባቸው ቀጫጭን ድምፆችን አጥርቶ ያወጣል። ከዚህም የረቀቁ ቅርጾች አሉ፤ ነገር ግን አቀማመጣቸው በጥንቃቄ ካልተስተካከለ ጥቅማቸው ይቀርና ሸክላውን ሊጎዱ ይችላሉ።

ባለ 78 ዙር የጥንት ሸክላ ካለ የተለየ መርፌ ያስፈልገዋል። ትልሙ ሰፊ በመሆኑ የመርፌው ጫፍ 70 ማይክሮን ገደማ መሆን አለበት፤ የባለ 45 እና የባለ 33 ዙር ክብ መርፌ ግን ከ15 እስከ 18 ማይክሮን ገደማ ነው። ቀጭኑ መርፌ በሰፊው ትልም ወለል ላይ እየተንሸራተተ ጫጫታ ከማሰማት አልፎ ራሱም ይጎዳል።

ለአብዛኛው አድማጭ ሚዛናዊው ምርጫ ሞላላ ጫፍ ያለው ኤምኤም ነው። የኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95ኢ እና የኦርቶፎን ቱኤም ሬድ የዚህ ምሳሌዎች ናቸው። የቪኤም95 አካል የተለያዩ መርፌዎችን የሚቀበል ሲሆን ከእነዚህ አንዱ ለባለ 78 ዙር ሸክላ የተሠራ ነው። በአንጻሩ ሹር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 የካርትሪጅና የመርፌ ምርቱን በማቆሙ፣ በስሙ «አዲስ ኦሪጂናል» ተብሎ የሚቀርብ መርፌ ሲገኝ በጥንቃቄ መመርመር ይገባል።

የወርቅ ሚዛን ለመርፌ

ጥሩ ካርትሪጅ ክብደቱ ካልተስተካከለ ጥቅም የለውም። አምራቾች ለየካርትሪጁ መርፌው በሸክላው ላይ የሚያርፍበትን ክብደት ይወስናሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.5 ግራም ነው። ለሁለቱ ከላይ ለተጠቀሱት ካርትሪጆች 2 ግራምና 1.8 ግራም ይመከራል። ሸክላው ሲዘል በክንዱ ጫፍ ላይ ሳንቲም የማስቀመጥ ልማድ ትልሙን በብርቱ ይጎዳል። ክብደቱን ከሚገባው በታች ማቅለልም አያድንም፤ መርፌው ከግድግዳ ግድግዳ እየተላጋ ይቧጭራል።

በዚህ ረገድ ወርቅ በግራም ክፍልፋይ የሚመዘንባት ሻኪሶ ዕድለኛ ናት። የግራምን አንድ መቶኛ የሚያነብ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ሚዛን ለዚህ ሥራ ይበቃል። ልብ ሊባሉ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ መርፌው የሚያርፍበት ቦታ ከሸክላው ገጽ ጋር እኩል ከፍታ ሊኖረው ይገባል፣ የሚዛኑ ሳሕንም ማግኔት የሚስበው ብረት መሆን የለበትም። አለዚያ የካርትሪጁ ማግኔት ስቦት ንባቡን ያሳስታል።

በበጋ አቧራ ሲበዛ ደግሞ ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ሸክላውን ለዚሁ በተሠራ ለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት ያስፈልጋል። መርፌው የሚጠረገው ከኋላ ወደ ፊት ብቻ ነው።

ስለዚህ በጀቱ የተወሰነ አድማጭ ገንዘቡን በቅድሚያ በአዲስ መርፌ፣ ቀጥሎም በሚዛንና በማጽጃ ላይ ቢያውል ይጠቀማል። ውዱ ካርትሪጅ የሚታሰበው ማጫወቻው፣ ክንዱና ማጉያው ለእርሱ ብቁ መሆናቸው ከተረጋገጠ በኋላ ነው።