የማዳበሪያው ሒሳብ በወንዝ ዳር
(በራዲዮ ከተነገረ ንግግር)

ገበሬ ገንዘቡን አውጥቶ ማዳበሪያ ገዝቶ በማሳው ላይ መጨመሩ ሰብሉ እንዲመገበው ነው። ነገር ግን የክረምት ዝናብ በታረሰው መሬት ላይ ሲወርድ ከዚህ ምግብ ከፊሉን ጠርጎ ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል ሲባል ግንዱን ሁሉም ያየዋል፤ በውሃው የሟሟውን ማዳበሪያ ግን ዓይን አያየውም። ይህ የማይታይ ጉዳት እንዴት እንደሚለካና መቀነሱ እንዴት እንደሚረጋገጥ ማወቅ ለመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ይጠቅማል።

የወንበርማ ወረዳ ከተማ የሆነችውን ሽንዲን፥ እንዲሁም ቡሬንና ፍኖተ ሰላምን የምታውቁ ሁሉ አገሩ የበቆሎ፥ የጤፍና የበርበሬ አገር መሆኑን ታውቃላችሁ። ከዚያ የሚወርደው ውሃ መድረሻው ዓባይ ነው። ለሰብል ዋና ምግብ ከሆኑት መካከል ናይትሮጅን በቀላሉ በውሃ ሟሙቶ ወደ ምድር ውስጥ ይሰርጋል፤ ፎስፎረስ ግን በአብዛኛው ከአፈር ጋራ ተጣብቆ በጎርፍ ይሄዳል። ሁለቱም ውሃ በተኛበት ስፍራ ሲከማቹ አረምን ያፋፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ሐይቅ የታየው እምቦጭ እንዲህ ባለው ምግብ የሚስፋፋ አረም ነው። የሽንዲ ውሃ ወደ ጣና ባይገባም፥ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. በተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ወደ ተኛው ሐይቅ ይወርዳል።

የመለካቱ ዘዴ እንደሚከተለው ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የተገኘው መጠን በወንዙ ፍሰት ይባዛል። ለምሳሌ አንድ ወንዝ በሴኮንድ 500 ሊትር ቢያወርድና በያንዳንዱ ሊትር 2 ሚሊግራም ናይትሮጅን ቢገኝ፥ በአንድ ቀንና ሌሊት 86 ኪሎ ያህል ይወስዳል። በአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን 46 ኪሎ ስለሆነ፥ ይህ ከ2 ኩንታል ዩሪያ ጥቂት ብቻ የሚያንስ ነው።

በየጅረቱ ሁሉ መለኪያ መትከል ስለማይቻል ሊቃውንት ሞዴል የሚባለውን የሒሳብ ስሌት ይሠራሉ፤ ይኸውም የዝናቡን፥ የተዳፋቱን፥ የአፈሩን፥ የሰብሉንና የማዳበሪያውን መጠን አገናዝቦ የሚታጠበውን መገመት ነው። ግምት ግን በልኬት ካልተፈተነ ሊታመን አይገባም።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ስፍራ እዚያው በጎጃም ይገኛል። የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም በ1976 ዓ.ም. በደምበጫ አካባቢ በአንጀኒ ጣቢያ አቁሞ፥ 113 ሄክታር ከሚሆነው ተፋሰስ የሚወጣውን ውሃና ደለል በአንድ መውጫ ላይ ያስለካ ጀመር። በ1978 ዓ.ም. በማሳዎቹ ላይ ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ተሠራ። ልኬቱ አስቀድሞ ተጀምሮ ስለ ነበረ፥ እርከኑ ከመሠራቱ በፊት የነበረውን ከኋላው ጋራ ለማነጻጸር ተቻለ። ፎስፎረስ ከአፈር ጋራ የሚሄድ በመሆኑም የደለሉ መዝገብ ስለ እርሱ ብዙ ያስረዳል።

በውጭ አገርም እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ ለቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ 6 ክፍላተ ግዛትና ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን የሚገደዱበት የቅነሳ ወሰን ተደነገገ። ሥራው በሞዴልም በውሃ ልኬትም ይከታተሉታል። ሆኖም ለ2025 የተያዘው የናይትሮጅን ግብ ሳይሞላ ቀረ። ከምክንያቶቹም አንዱ በከርሰ ምድር ውሃ የሰረገው ናይትሮጅን ወደ ወንዝ ለመውጣት ብዙ ዓመት የሚወስድ መሆኑ ነው።

እንግዲህ ሪፖርት የምትጽፉና የምትመረምሩ ሁሉ ሦስት ነገር አስተውሉ። አንደኛ፥ በበጋ ብቻ የተቀዳ ውሃ ያሳስታል፤ ብዙው የሚታጠበው መሬቱ ገና በሰብል ሳይሸፈን በክረምቱ መግቢያ ነውና። ሁለተኛ፥ ዝናብ ባነሰበት ዓመት ጭነቱ ቢቀንስ ምስጋናው ለእርከኑ ሊሰጥ አይገባም፤ የዝናቡ ልዩነት አስቀድሞ መታሰብ አለበት። ሦስተኛ፥ ይህን ያህል ኪሎ ሜትር እርከን ተሠራ ማለት የድካሙ ቁጥር ነው እንጂ የውጤቱ አይደለም። ስለዚህ የእርከኑ ቁጥር በሚጻፍበት ገጽ ላይ በወንዙ መውጫ የተለካውም አብሮ ይጻፍ፤ ገበሬው የከፈለበት ማዳበሪያ በማሳው መቅረቱ የሚታወቀው በዚህ ነው።