“ተመዝግቧል” ብሎ ያልመዘገበው ፎርም

ባለፈው ክረምት የማጠናከሪያ ትምህርት ተማሪዎችን የሚመዘግብ ትንሽ ዌብ አፕሊኬሽን በጃቫ ሠርቼ ነበር። ስልኩን የቀየረ ተማሪ ሲኖር ስሙን ከዝርዝር መርጠን አዲሱን ቁጥር እንጽፋለን፤ “ተመዝግቧል” ይለናል። ዳታቤዙ ውስጥ ግን የድሮው ቁጥር እንዳለ ነው። የክፍል ለውጥ ስንደውል አንዳንዶቹን ሳናገኛቸው ቀረን፤ መጥተው ከተዘጋ በር ተመለሱ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ምክንያቱን ለማግኘት ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ።

የተጠቀምኩት አፓቺ ዊኬትን ነው። በዊኬት የጽሑፍ ማስገቢያው ሳጥን መረጃውን ራሱ አይዝም። የሚይዘው መረጃው ወዳለበት ኦብጀክት የሚያደርሰውን አገናኝ ነው፤ “ሞዴል” ይባላል። ገጹ ሲታይ ሳጥኑ በሞዴሉ በኩል ያነባል፣ ፎርሙ ሲላክ በዚያው መንገድ ይጽፋል። የተለመደው “ፕሮፐርቲ ሞዴል” ሁለት ነገር ይቀበላል፦ ከየት እንደሚነሳና የትኛውን ፊልድ እንደሚፈልግ።

እኔ መነሻ አድርጌ የሰጠሁት ገጹ ሲከፈት የፈጠርኩትን ባዶ የተማሪ ኦብጀክት ነበር። ስም ስንመርጥ የገጹ “ተማሪ” ቫሪያብል ከዳታቤዝ በመጣ ሌላ ኦብጀክት ይተካል። ሞዴሉ ይህን በምን ይወቅ? የያዘው ቫሪያብሉን ሳይሆን መጀመሪያ የተሰጠውን ኦብጀክት ነው። ስለዚህ አዲሱ ቁጥር ወደዚያ ባዶ ኦብጀክት ይገባል፤ ወደ ዳታቤዝ የሚሄደው ደግሞ ያልተነካው ነው። ስም ከተመረጠ በኋላም ሳጥኑ ባዶ ሆኖ መታየቱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን “ለአዲስ ቁጥር ባዶ ቢሆን ይሻላል” ብዬ አለፍኩት!

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው። መነሻው ገጹ ራሱ ይሁን፣ መንገዱ ደግሞ “ተማሪ” ነጥብ “ስልክ”። ያኔ ሞዴሉ በተጠራ ቁጥር ከገጹ ተነስቶ አሁን ያለውን ተማሪ ያገኛል። ሳጥኑ ብዙ ከሆነ ለፎርሙ “ኮምፓውንድ ፕሮፐርቲ ሞዴል” ሰጥቶ የየሳጥኑን መለያ ከፊልዱ ስም ጋር አንድ ማድረግ ይቀላል። የፊልዱ ስም በጽሑፍ ስለሚሰጥ ግን የፊደል ስህተትን ኮምፓይለሩ አያይላችሁም። ከዊኬት 8 ጀምሮ ያለው “ላምዳ ሞዴል” ይህን ችግር ያስቀራል።

ዊኬት የተላከለትን ወዲያው ወደ ኦብጀክቱ እንደማይጽፍም እወቁ። የግድ መሞላት ያለበት መሞላቱን ያያል፣ ጽሑፉን ወደ ፊልዱ ዓይነት ይቀይራል፣ ይፈትሻል። አንድ ሳጥን ከወደቀ የየትኛውም ሞዴል አይነካም። (በነገራችን ላይ ስልክን በኢንቲጀር የምትይዙ ካላችሁ ተዉት፤ ፊት ያለችው 0 ትጠፋለች። ስልክ አይደመርም፣ ስትሪንግ ይበቃዋል።)

የራሳችሁን ፎርም ለመሞከር ሁለት ተማሪዎችን መዝግቡና አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ምረጡ። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር አብሮ ካልተቀየረ ሞዴላችሁ የድሮውን ኦብጀክት ይዟል።